የእናቴን ቁስል ከወንድሜ ደበቅኩት

«ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እማዬን አገላብጬ ልተኛ ብል እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዕድሜዬ 34 ነው፤ እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ከአራት ወር በፊት ጠዋት ፊቷን እየታጠበች ሳለ ወደቀች። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጇም ቀኝ እግሯም አይታዘዝላትም። መናገርም አቅቷታል። የቀራት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እሺ»። ደስ ሲላት እሺ፣ ሲያማት እሺ፣ ስትቆጣም እሺ።

ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ የማስታምማት እኔ ነኝ። ቀን ሥራ ስውል አንዲት ልጅ ተቀጥራ ታያታለች። ማታና ሌሊቱ የእኔ ነው። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። አንድ ሰዓት ተቀምጦ፣ ግንባሯን ስሞ ይሄዳል። በር ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ «ከስታለች እኮ፣ ምን እያበላሻት ነው?» ይለኛል።

ከዘጠኝ ቀን በፊት ሳጥባት ከወገቧ በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ ቆዳዋ ጠቁሮ አየሁ። ቅባት ቀብቼ አሸሁት። አሁን ቆዳው ተልጦ የሳንቲም ያህል ቁስል ሆኗል። ማታ ማታ አልኮል አፈስበታለሁ። እማዬ ጥርሷን ነክሳ «እሺ» ትለኛለች። ለወንድሜ አልነገርኩትም። ባለፈው ቅዳሜ ከትራሷ ቀና ሊያደርጋት ሲል «ተዋት፣ ይደክማታል» ብዬ ከለከልኩት። ሐኪም ዘንድም አልወሰድኳትም። «እንዲህ እስክትሆን የት ነበርሽ?» እንዳልባል ፈራሁ።

ሌላም አለ። ባለፈው ሳምንት በአንድ ሌሊት ለሦስተኛ ጊዜ ዳይፐሯን ስቀይር ጮህኩባት። «በቃ! እኔም ሰው ነኝ!» አልኳት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት አፍራለሁ። ሥራዬን ልተው? ጥፋቱስ የእኔ ነው? እየወደድኳት እንዴት እንዲህ አደረግኳት?

ስሜ ይቆይ።»

እህቴ፣ ስለ ጥፋትም ስለ ሥራሽም ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ዛሬ ማታ አልኮሉን አትንኪው። አልኮል ጀርም ይገድላል፤ ግን ቁስሉን ሊሞላ የሚታገለውን አዲስ ሥጋም አብሮ ያቃጥላል። እናትሽ ጥርሳቸውን የሚነክሱት በከንቱ ነው። በምትኩ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹህ ውሃ ወይም ከፋርማሲ በሚገኝ፣ ኖርማል ሳላይን በሚባል የጨው ውሃ ቁስሉን ቀስ አድርገሽ እጠቢ። ዙሪያውን ሳታሺ፣ በንጹህ ጎዝ ነካ ነካ እያደረግሽ አድርቂ። ከዚያ ቁስል ላይ በማይጣበቅ ጎዝ ሸፍኚው። ጀርባቸው ላይ አታስተኚያቸው፤ በጎን ይሁኑ።

ለዛሬ ማታ ይኼ ይበቃል። ነገ፣ ቢዘገይ ከነገ ወዲያ ግን ነርስ ወይም ሐኪም ይየው። ትኩሳት ካላቸው፣ ቁስሉ ከሸተተ ወይም መግል ከያዘ፣ ዙሪያው እያበጠና እየጋለ ከሄደ፣ መሃሉ ከጠቆረ፣ ወይም እሳቸው ከወትሮው በተለየ ከፈዘዙ ደግሞ ነገን አትጠብቂ። በዚያው ቀን ውሰጃቸው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ጤነኛ ሰው ተኝቶም ዝም አይልም። ሌሊቱን ሙሉ ይገላበጣል፣ እግሩን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ጠዋት ሲነሳ አንዱንም አያስታውሰውም። ይህን የሚያደርገው ምቾት ፈልጎ ብቻ እንዳይመስልሽ። አንድ ቦታ ላይ ረጅም ሰዓት ስንተኛ፣ በአጥንታችንና በፍራሹ መሃል ያለው ቆዳ ይጨመቃል። በውስጡ ያሉት ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ደም ካልደረሰው ቆዳው ይራባል። የተራበው ቆዳ በነርቭ በኩል ለአንጎል ይነግራል፤ አንጎልም ከእንቅልፋችን ሳይቀሰቅሰን ጡንቻን «ዙር» ይለዋል። ነርቭ፣ አንጎል፣ ጡንቻ፣ የደም ዝውውር፣ ሁሉም ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። የእናትሽ ስትሮክ ይህን ሰንሰለት መሃል ላይ በጠሰው። ቆዳቸው ቢጮህም ሰውነታቸው መዞር አይችልም።

አራት ወር ማለት ወደ 120 ሌሊት ነው። በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ የእናትሽ ሰውነት መሥራት ያቃተውን የሠራሽው አንቺ ነሽ። የእሳቸውን ነርቭ ተክተሽ ነው ከእንቅልፍሽ ስትነሺ የከረምሽው። ሆስፒታል ውስጥ ይህን ሥራ ሰዎች በፈረቃ ይካፈሉታል። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። እንዲያም ሆኖ የአልጋ ቁስል፣ ነርሶቹ ቤድ ሶር የሚሉት፣ ሠራተኛና መሣሪያ በሞላበት ዋርድም ይወጣል። ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት በጣም ጠንቃቃ በምላቸው ባልደረቦቼ እጅ ሲወጣ አይቻለሁ። አንቺ ቀን ሥራ ውለሽ፣ ሌሊት ብቻሽን ነሽ። ቁስሉ የሚናገረው ስለ ፍቅርሽ አይደለም። ሁለትና ሦስት ሰው የሚጠይቅ ሥራ አንድ ሰው ላይ መውደቁን ነው የሚናገረው።

ሁለት ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። አንዱ ማሸቱ ነው። የጠቆረ ወይም የቀላ ቦታ ሲታይ እጃችን ለማሸት ይቸኩላል፤ ደም እንዲንቀሳቀስ እየረዳን ይመስለናል። ነገር ግን ያ ቦታ ከሥሩ የተጎዳ ስለሆነ ማሸት ጉዳቱን ያባብሰዋል። ይህን ማንም አልነገረሽም። ከሆስፒታል ስትወጡ አንድ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ሊያሳይሽ ይገባ ነበር።

ሁለተኛው መደበቁ ነው። ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን የአልጋ ቁስል አራት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ቆዳው ሳይቀደድ መልኩ ብቻ ይለወጣል። በሁለተኛው የላይኛው ቆዳ ይላጣል። በሦስተኛውና በአራተኛው ወደ ስብ፣ ወደ ጡንቻ፣ እስከ አጥንትም ይዘልቃል። አንቺ በነገርሽኝ መሠረት እናትሽ ያሉት ሁለተኛው አካባቢ ይመስላል። ይህ ደረጃ ጫናው ከላዩ ከተነሳለት ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሽራል። አራተኛው ግን ወራት ይፈጃል፤ ደም ውስጥ በሚገባ ኢንፌክሽን ሕይወትም ያሳጣል። ከላይ ትንሽ መስሎ ከሥር የሰፋ ቁስልም ስላለ በዓይን ብቻ አይፈረድም። ለዚህ ነው የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይየው የምልሽ። «የት ነበርሽ?» የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ «ብቻዬን ነበርኩ፤ አሁን እንዴት እንደማደርግ አሳዩኝ» በይው። ይህን ሰምቶ የማይረዳሽ ባለሙያ ካለ ሌላ ባለሙያ ፈልጊ።

እስቲ ጥቂት ልጠይቅሽ። ቀን ቀን አንቺ ሥራ ስትሆኚ እናትሽን የሚያገላብጣቸው ማን ነው? ስለ ሌሊቱ በደንብ ጽፈሽልኛል፤ ስለ ቀኑ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ይህን የምጠይቅሽ ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም። ከወገብ በታች ያለው አጥንት ላይ የሚወጣ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በጀርባ ከመተኛት ወይም ትራስ ተደግፎ ረጅም ሰዓት ከፊል ቀና ብሎ ከመቆየት ነው። ተደግፈው ሲቀመጡ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታሉ? የሚንሸራተቱ ከሆነ አጥንቱ ወደ ታች ሲሄድ ቆዳው አንሶላው ላይ ተይዞ ይቀራል። በዚያ መሃል የደም ሥሮቹ ይጠማዘዛሉ። ልጅቷ ማንም ካላሳያት ይህን በምን ታውቃለች? ምናልባት «ቁጭ ብለው ቢውሉ ደስ ይላቸዋል» ብላ በደግነት ያደረገችው ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት አሥር ደቂቃ ስጪያት። አልጋ ላይ ሲሆኑ በየሁለት ሰዓቱ ጎን መቀየር እንዳለባቸው ንገሪያት። ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፋ አልጋው አጠገብ ትለጥፈው። በጎን ሲተኙ ሙሉ በሙሉ ዳሌያቸው ላይ አይሁኑ፤ ዳሌም ቀጭን ሥጋ ያለው አጥንት ነው። ከጀርባቸው ትራስ አስገብታችሁ ትንሽ ብቻ ዘንበል ይበሉ፤ 30 ዲግሪ ያህል። በጉልበታቸው መሃል ሌላ ትራስ ይግባ። ከባታቸው በታች ደግሞ ተረከዛቸው በአየር ላይ እንዲሆን የሚያነሳ ትራስ ይደረግ። ተረከዙና ፍራሹ መሃል መዳፍሽ የሚያልፍ ከሆነ ልክ ነው። ከመመገቢያ ሰዓትና ከዚያ ቀጥሎ ካለው ግማሽ ሰዓት ውጪ የራስጌው ከፍታ ከ30 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ሁለት ሰዓት መጠበቅ አይቻልም፤ ቶሎ ቶሎ ክብደታቸውን ማቀያየር ያስፈልጋል። መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ ገዝተሽ ከሆነ አትጠቀሚበት፤ ጠርዙ ዙሪያውን ስለሚጫን ደሙን ይዘጋል።

አንዲት ነባር ነርስ ያስተማረችኝን ነገር ላካፍልሽ። በሽተኛ ከማስተኛቷ በፊት ሁልጊዜ መዳፏን አንሶላው ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ ታሳልፋለች። የታጠፈ አንሶላ፣ የወደቀ ቁልፍ፣ የምግብ ፍርፋሪ ትፈልጋለች። እኛ ተኝተን ብንሆን ፍርፋሪውን ጠርገን እንጥለዋለን። እናትሽ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝተውበት ያድራሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አንሶላ ሳልዳብስ ሰው አስተኝቼ አላውቅም።

በምታጥቢያቸው ጊዜ ሁሉ አጥንት የሚያገጥጥበትን ቦታ እዪ። ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌ፣ ክርን፣ ትከሻ፣ ጆሮ፣ የጭንቅላት ኋላ። ብዙ ቦታ «የቀላ ነገር ፈልጉ» ይባላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ቅላት ብዙ ጊዜ በግልጽ አይታይም። አንቺ «ጠቁሮ አየሁ» ያልሽው ትክክለኛው ምልክት ነበር፤ ዓይንሽ አልሳተም። በእጅሽ ጀርባ ደግሞ ንኪው። ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ከሞቀ፣ ወይም ከጠነከረ፣ ወይም ውሃ እንደያዘ ነገር ከላላ፣ ቆዳው ሳይቀደድ ያዝሽው ማለት ነው። ያንን ቦታ ከጫና ማሳረፍ ነው መድኃኒቱ።

እናትሽን ወደ ላይ ስትስቢ ብብታቸው ሥር ገብተሽ አትጎትቺ። በተለይ ቀኝ እጃቸውን። የሚይዘው ጡንቻ ስለላላ ትከሻቸው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ከሥራቸው ከትከሻ እስከ ጭን የሚደርስ የታጠፈ አንሶላ አድርጊ። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ይዞ በአንድ ጊዜ ሲያነሳ ቆዳቸው ሳይፋተግ ይነሳሉ። ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወገብሽን አታጉብጪ። ያንቺም ወገብ ወገብ ነው።

ወንድምሽ «ከስታለች» ማለቱ ቢያናድድሽም ነገሩን አትናቂው። አባባሉ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ግን ክብደት መቀነሱ እውነት ከሆነ ለቁስሉ መጥፎ ዜና ነው። ቁስል የሚሞላው በፕሮቲንና በቂ ምግብ ነው። የከሳ ሰው አጥንትም ከቆዳው ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ጥያቄው ምን እያበላሽ ነው ሳይሆን እንዴት እየዋጡ ነው የሚለው ነው። ሲጠጡ ትን ይላቸዋል? ከበሉ በኋላ ድምፃቸው ውሃ እንደያዘ ይንተከተካል? በቀኝ ጉንጫቸው ውስጥ ምግብ ተከማችቶ ታገኛለሽ? ከነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ለሐኪሙ ንገሪው። ስትሮክ የመዋጫ ጡንቻዎችንም ስለሚያደክም ምግብ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። እስከዚያው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ። በትንሽ ማንኪያ፣ በግራ በኩል፣ የመጀመሪያውን ሳይውጡ ሁለተኛው አይጨመር። ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል ቀና ብለው ይቆዩ። አፋቸውንም አጽጂላቸው፤ አፍ ውስጥ የሚቀር ቆሻሻ ነው ወደ ሳንባ የሚወርደው።

አንድ ነገር ደግሞ በጆሮሽ ልጠይቅሽ። ሌሊት ዳይፐሩ እንዳይበዛ ብለሽ ውሃ ቀንሰሽባቸው ይሆን? ብዙ አስታማሚ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ግን ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ኢንፌክሽን ይቀላል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ቆዳም በቀላሉ ይጎዳል። ይልቅ ሐኪም ውሃ ካልከለከላቸው አብዛኛውን ጠዋትና ከሰዓት ይጠጡ፤ ወደ ማታ ይቀንስ። ቀን ቀን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ሽንት እንዲሸኑ ይሞከር። አንቺን ያስጮኸሽ ያ በአንድ ሌሊት ሦስቴ መቀየርም ራሱ መመርመር አለበት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በቀላል ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉ። ስኳር ካለ ደግሞ ቁስሉንም ያዘገየዋል። ዳይፐሩ ከረጠበ ሳይቆይ ይቀየር፤ ከጸዳ በኋላ እንደ ቫዝሊን ያለ ቆዳውን ከእርጥበት የሚሸፍን ቅባት በስሱ ቀቢ። ቁስሉ ላይ ግን አይደለም።

ስለ ጩኸትሽ ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከቁስሉ ይልቅ ይኼ ነው ውስጤን የነካው።

ለአራት ወር እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው የጮኸው። ቢሆንም እናትሽ ሰምተውሻል ብዬ አምናለሁ። በአብዛኛው ሰው የቋንቋ ማዕከል ያለው በግራ አንጎል ነው። ግራ አንጎል ደግሞ ቀኝ እጅና እግርን ያዛል። ለዚህ ነው የእናትሽ ቀኝ ጎንና አንደበት አብረው የተያዙት። ቃል ማውጣት ያቃተው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላው ከሚገምተው በላይ ይገባዋል። ያ «እሺ» ፈቃድ አይደለም። የቀረላቸው ብቸኛ ቃል ስለሆነ ሁሉንም ነገር በእሱ ይናገራሉ። «አመመኝ» ሊሉ ፈልገው «እሺ» ብለው ይሆናል። «ተይ ልጄ» ሊሉሽ ፈልገው «እሺ» ብለው ይሆናል። አንቺ ደግሞ ቃሉን ሰምተሽ ቀጠልሽ።

ስለዚህ ሌላ መንገድ አብጁ። ጤነኛ በሆነችው ግራ እጃቸው እጅሽን ይያዙ። አዎ ከሆነ አንዴ ይጨብጡ፣ አይደለም ከሆነ ሁለቴ። መጀመሪያ መልሱን በምታውቂው ነገር ሞክሪው፤ «ስሜ ይህ ነው?» ብለሽ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም ጠይቂ። ከሠራ እሰየው፤ ካልሠራ በጣት ወይም በሥዕል ማሳየት ይሞከር። አጭር ጥያቄ ጠይቂ፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ። ከምታስቢው በላይ ጠብቂ፤ መልሱ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው።

ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ በይና ይቅርታ ጠይቂ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «እማዬ፣ ያን ሌሊት ስለጮህኩብሽ ይቅርታ። ደክሞኝ ነበር። አንቺ ላይ ተናድጄ አይደለም» በያቸው። ዓይናቸውን እያየሽ። ቢያለቅሱ አትደንግጪ። ከስትሮክ በኋላ በትንሹም በትልቁም እንባ የሚመጣው አንዳንድ ጊዜ ጉዳቱ ራሱ ስሜትን የሚገታውን የአንጎል ክፍል ስለነካ ነው። ሆኖም ስትሮክ ከደረሰባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ድብርት ይይዛቸዋል። ምግብ እምቢ ካሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋል ከጀመሩ፣ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪ። ሕክምና አለው።

ሥራሽን በተመለከተ፣ ዛሬ አትወስኚ ነው የምልሽ። እስቲ አስቢው፤ ሥራሽን ብትተዪ ቀኑንም ሌሊቱንም የምትይዢው አንቺው ትሆኛለሽ። ሌሊት የሚነሳው ሰው ቁጥር ግን ከአንድ አይዘልም። የጎደለሽ የቀን ሰዓት ነው ወይስ የሌሊት እንቅልፍ? እኔ ከደብዳቤሽ የተረዳሁት እንቅልፍ መሆኑን ነው። ሥራው ገቢም ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በቀን ውስጥ አስታማሚ ያልሆንሽበት ብቸኛው ቦታ ይመስለኛል። የጥቂት ሳምንት ፈቃድ ወይም አጠር ያለ የሥራ ሰዓት ብታገኚ ቁስሉ እስኪሽር ሊያግዝሽ ይችላል። ጨርሶ መተው ግን በመጨረሻ የሚታይ ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ አግኝተሽ አንድ ወር ከቆየሽ በኋላ አስቢበት። ያኔም «ልተው» ካልሽ ውሳኔው የድካምሽ ሳይሆን ያንቺ ይሆናል።

ሁለቱ ሌሊቶች የሚመጡት ከወንድምሽ ነው።

እሱን አላውቀውም። ግን እናቱን ግንባራቸውን ስሞ፣ በር ላይ አንድ ቃል ወርውሮ የሚወጣ ወንድ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። አንዳንዱ ግድ የለውም። ብዙው ግን ይፈራል። ለእሱ የተሰጠው ሥራ ስለሌለው እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ያንን ፍርሃት ወደ ትችት ይለውጠዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከትራሳቸው ቀና ሊያደርጋቸው ሲል እጁን ዘርግቶ ነበር እኮ። የከለከልሽው ቁስሉ እንዳይታይብሽ ነው። ይህን ያልኩት ልወቅስሽ አይደለም። መደበቁ አንቺንም እጁን ከማግኘት እንደከለከለሽ እንድታዪ ነው።

ከቅዳሜ በፊት ደውዪለት። ፊት ለፊት ከሆነ ሁለታችሁም ትጋጋላላችሁ። እንዲህ በይው፦ «እማዬ ወገቧ ላይ ቁስል ወጥቶባታል። ዘጠኝ ቀን ደብቄሃለሁ፤ እንዳትቆጣኝ ፈርቼ ነው። ሐኪም እያሳየኋት ነው። ብቻዬን አልቻልኩም። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት አንተ እደርላት፤ እንዴት እንደሚደረግ አሳይሃለሁ።» ቀኑንና ሥራውን ለይተሽ ጠይቂ። «አግዘኝ» ካልሽው «እሺ» ብሎ ይቀራል። «ዓርብ ማታ በሦስት ሰዓት ና» ካልሽው ግን ወይ ይመጣል ወይ አልመጣም ይላል፤ ሁለቱም መልስ ነው። ከተቆጣ ቁጣውን አትመልሺለት። «ልክ ነህ፣ ያስቆጣል። ዓርብ ትመጣለህ?» ብለሽ ወደ ጥያቄው ተመለሺ። እምቢ ካለ፣ የሁለቱን ሌሊት አዳሪ ሰው ወጪ እንዲሸፍን ጠይቂው። እኔ ግን ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ አብሯችሁ ቢመጣ ጥሩ ነው። ስለ ቁስሉና አለባበሱ፣ ስለ ሽንትና ስኳር ምርመራው፣ ስለ አዋዋጣቸው፣ ስለ ሕመም ማስታገሻ፣ ጫና የሚቀንስ የአየር ፍራሽ ያስፈልግ እንደሆነ፣ እጅና እግራቸውን የሚያንቀሳቅስላቸው ፊዚዮቴራፒስት ስለማግኘት ጠይቁ። የደም ግፊት ወይም የደም ማቅጠኛ ኪኒን የታዘዘላቸው ከሆነ ደህና መሰሉ ተብሎ አይቋረጥ። አንድ እግራቸው ብቻ ካበጠ፣ ከጋለና ካመማቸው የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ሳታሺ በዚያው ቀን አሳዩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ፊታቸው እንደገና ከተጣመመ፣ ወይም ግራ እጃቸው ከዛለ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወንድምሽ ዓርብ ሲመጣ ቁስሉን አሳዪው። ጎዙን ራሱ ይክፈተው፣ ራሱ ይጠበው፣ ራሱ ይሸፍነው። አንሶላውን በመዳፉ ይዳብሰው። እሱ በግራ ይቁም፣ አንቺ በቀኝ። የታጠፈውን አንሶላ ጠርዝ ሁለታችሁም ጠቅልላችሁ ያዙ። ለእናትሽ «እማዬ፣ ልናዞርሽ ነው» በያቸው። እስከ ሦስት ቁጠሩ። ጎናቸው ካረፈ በኋላ የሚቀጥለውን ሰዓት ወረቀቱ ላይ እሱ በእጁ ይጻፈው። አንቺ ሂጂና ሌላ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግተሽ ተኚ።